በጣቴ የቀጠልኳት ገመድ

የከተማችን ሰው በስሜ አይጠራኝም ነበር። ምስጋናው የሚሉኝ ስሙን ያወጣችልኝ እናቴና ጥቂት የቅርብ ሰዎች ብቻ ናቸው። ላሊበላ ገበያው ዳር ባለችው ጠባብ ሱቄ ዲሽ እሸጣለሁ፣ የቆመ ቲቪ እጠግናለሁ፣ ገመድ በሜትር እቆርጣለሁ። ደንበኛ መጥቶ «ይኼ ከዚያ ጋር ይሠራል?» ሲለኝ መልሴ ሁልጊዜ አንድ ነበር፤ «ችግር የለም!» በቃ፣ ስሜ እሱው ሆኖ ቀረ። «ችግር የለም ጋ ሂድና ግዛ» ይባባሉ ነበር። እኔም ጅሉ ደስ ይለኝ ነበር።

አሁን ሳስበው ግማሹን የምናገረው ሳላውቅ ነው። የገመዱ አፍ ቀዳዳው ውስጥ ከገባ ይሠራል ብዬ የማምን ሰው ነበርኩ። ከአሮጌ ኮምፒውተር ወደ አዲስ ቲቪ ሥዕል የሚወስደውን አዳፕተር፣ ከአዲስ ወደ አሮጌ ለሚፈልግ ሰው ሸጬ አውቃለሁ። ሰውየው ሥዕል እምቢ ብሎት ሲመለስ «የተበላሸው ቲቪህ ነው» ብዬ ሸኝቼዋለሁ። እግዜር ይቅር ይበለኝ፣ አፌን ሞልቼ ነው እንዲያ ያልኩት። ሥራውን የለመድኩት በየጣሪያው ላይ የዲሽ ገመድ እየጎተትኩ ስለሆነ ለእኔ ገመድ ሁሉ ገመድ ነበር። ካጠረ ትልጠዋለህ፣ ከሌላው ጋር ታጠማዝዘዋለህ፣ በጥቁር ናስትሮ ትጠቀልለዋለህ፣ አለቀ።

ከጥምቀት በኋላ በአንዱ ሐሙስ መምሬ ካሴ ሱቄ መጡ። መምሬ ከአሸተን ማርያም ሥር ባለ አንድ የገጠር ደብር የሚያገለግሉ ቄስ ናቸው። ሰው ሲጣላ የሚጠራው እሳቸውን ነው። ወንበር ባቀርብላቸውም አልተቀመጡም፤ ጃንጥላቸውን በሩ ላይ አስደግፈው ቆሙ።

«ምስጋናው፣ የፍቅሬንና የደሳለኝን ነገር ሰምተሃል?»

ያልሰማ ማን አለ! ፍቅሬ የጭነት መኪና ሹፌር ነው። ደሳለኝ ደግሞ የእማማ ብርቄ ታናሹ ልጅ ነበር። ከሦስት ወር በፊት ከከተማው መውጫ ላይ የፍቅሬ መኪና ደሳለኝን ገጭታ ገደለችው። ሕግ በበኩሉ ጉዳዩን ይዞታል፣ ፍቅሬም በዋስ ወጥቷል። የአገሩ ነገር ግን በዚያ አያልቅም። ሁለቱ ልጆች ከዚያ በፊት በእርሻ ድንበር ተጣልተው፣ ሰው በተሰበሰበበት «አሳይሃለሁ!» ተባብለው ነበር። ስለዚህ የሟች ወገን «አደጋ አይደለም፣ አይቶ ነው የነዳበት» አለ። ታላቅ ወንድሙ አበራ ጠጉሩን አሳድጎ፣ ጠመንጃውን ወልውሎ ተቀመጠ። የወንድሙን ደም ሳይመልስ ምላጭ እንደማያስነካ መንደሩ ሁሉ ያውቃል።

መምሬ ከዳዊታቸው ማኅደር ውስጥ አንዲት ፍላሽ አወጡ።

«የሆቴሉ ካሜራ መንገዱን ያያል። አደጋውን ቀርጾታል። ባለቤቱ ገልብጦ ሰጠኝ።»

«ታዲያ በስልክ አያሳዩአቸውም፣ መምሬ?»

«ሞከርን እንጂ። አንዱ አይቶ ለሌላው ሲተርከው ነገሩን ሌላ ያደርገዋል። 'በስልክ የተቀመመ ነው' የሚልም አለ። ሁሉም በትልቁ ያዩታል፣ በአንድ ጊዜ፣ ሽማግሌ ባለበት። ግን አንድ ቤት ሆነው አይደለም።»

የእኛን አገር ለማያውቅ ይህችን ልንገር። ደም ያለባቸው ሰዎች እርቅ እስኪወርድ አንድ ጣሪያ ሥር አይቀመጡም። ሽማግሌ አንዱን ወገን እዚህ፣ ሌላውን እዚያ ያስቀምጥና በመሐል ቃል ያመላልሳል፤ ከዚህ ሰምቶ እዚያ ይናገራል፣ ከዚያ ሰምቶ እዚህ። መምሬ አሁን በቃሉ ምትክ ሥዕሉን ላመላልስ ብለው መጡ።

«አንዱን ፊልም በሁለት ቤት፣ እኩል በአንድ ጊዜ ማሳየት ይቻላል?»

«ችግር የለም!» አልኩ።

ሐቁን ለመናገር መጀመሪያ ላይ በደንብ አስቤበት ነበር። ከኮምፒውተሬ የሚወጣውን ሥዕል ለሁለት የሚያካፍል ስፕሊተር አለኝ። ለቅርቡ ቲቪ ሦስት ሜትር ኤችዲኤምአይ ገመድ ይበቃል። ለሩቁ ግን እሱ አይሆንም፤ በረዘመ ቁጥር ሥዕሉ ይደክማል፣ ይንቀጠቀጣል፣ ይጠፋል። ስለዚህ ኤክስቴንደር የሚባለውን መረጥኩ። ሁለት ትንንሽ ሳጥኖች ናቸው፣ አንዷ ላኪ፣ አንዷ ተቀባይ። በመካከላቸው የኢንተርኔት ሠራተኞች የሚዘረጉት የኔትወርክ ገመድ ይሰካል። ሳጥኖቹን ወልዲያ ያለ ነጋዴ ወዳጄ በመኪና ላከልኝ፤ ልኮም ደወለ።

«ስማ ምስጋናው፣ ገመዱ አንድ ወጥ ይሁን። እንዳትቀጥለው። ይኼ ዲሽ አይደለም፣ ውስጡ ስምንት ክር ነው ያለው፣ ቅጥያ አይወድም።»

«ችግር የለም ወንድሜ» አልኩና ዘጋሁት። በአንዱ ጆሮዬ ገብቶ በሌላው ወጣ።

አርብ ዕለት ወደ ደብሩ ወጥቼ በእርምጃ ለካሁ። የፍቅሬ ወገኖች በቤተ ክርስቲያኑ ቅጽር ውስጥ ባለው የሰንበቴ ቤት ይቀመጣሉ፣ የሟች ወገኖች ከቅጽሩ ወዲያ ማዶ በመምሬ ቤት። አርባ ምናምን እርምጃ። ሃምሳ ሜትር አንድ ወጥ የኔትወርክ ገመድ ነበረኝ። ተስማምቶኝ ወረድኩ።

ቅዳሜ ማለዳ ሁለቱን ቲቪ በብርድ ልብስ ጠቅልዬ መንገዱ እስከሚያልቅበት በባጃጅ አደረስኳቸው። ከዚያ ወዲያ የመንደሩ ጎልማሶች በትከሻቸው ተሸከሙልኝ፣ ጄኔሬተሩ በበቅሎ ወጣ። ሦስት ሰዓት ሲሆን ሁሉም ተሰካክቶ አለቀ። አንድ የመዝሙር ቪዲዮ ከፍቼ ከዚህ ቤት እዚያ ቤት እየሮጥኩ አየሁ። ሁለቱም ጋ እንደ መስታወት ጥርት ያለ ነው። የጠመንጃው ነገር አስግቶኝ ነበር፤ እሱም መላ ተበጅቶለታል። ከሁለቱም ወገን መሣሪያ ያለው ሁሉ ቅጽሩ በር ላይ ወይራዋ ሥር አስቀምጦ እንዲገባ ተደረገ፣ ሁለት ሽማግሌዎች ይጠብቁት ጀመር።

አበራ የመምሬ ቤት ደጃፍ ደርሶ ቆመ። ረጅም ሰው ነው፣ ጠጉሩ ጎፍሯል። በመስኮቱ አሻግሮ አየ።

«ከዚህ የሰንበቴው ቤት በር ይታያል።»

«በሩን እንዘጋዋለን» አሉ መምሬ።

«የገዳዩ ዘር ሲገባ ሲወጣ እያየሁ እዚህ አልቀመጥም። ወይ ራቅ ያለ ቦታ አምጡ፣ ወይ ልሂድ።»

ሽማግሌዎቹ ተነጋገሩ፣ ለመኑት፣ እምቢ አለ። በመጨረሻ ከመምሬ ቤት ጀርባ ከካቡ አልፎ ወዳለው አሮጌ የእህል መጋዘን እንዲዛወሩ ተወሰነ። ቲቪውን ተሸክመን ሄድን። የመብራቱ ገመድ ረጅም ስለሆነ ደረሰ፤ የሥዕሉን ገመድ ግን ብጎትተው ካቡ ሥር ሲደርስ አለቀ። ሃያ ሜትር ገደማ ይጎድላል።

ወዳጆቼ፣ ሕይወቴን የለወጠችው ደቂቃ ይህችው ናት፤ ጠመንጃውም ጩኸቱም ገና ነው። መምሬ አጠገቤ ቆመው ያዩኛል። ከኋላቸው ሰማንያ የሚሆን ሰው ይጠብቃል፣ የፍቅሬ ወገኖችም ተቀምጠዋል። ሱቄ ውስጥ መቶ ሜትር ያልተነካ ጥቅል አለኝ። ጫፉ ላይ ጭንቅላት የሚገጥመው ፕላየርም እዚያው ነው ያለው። ሄዶ ለመመለስ ሁለት ሰዓት ይፈጃል። ቦርሳዬ ውስጥ ያለው ከሌላ ሥራ የተረፈ ሃያ አምስት ሜትር ቁራጭ ብቻ ነው።

«ይደርሳል ወይ፣ ልጄ?» አሉኝ መምሬ። «ካልደረሰ ንገረኝ። ሕዝቡን እስከ ከሰዓት አቆየዋለሁ።»

እንዲህ በለሆሳስ ነው የጠየቁኝ። «ሁለት ሰዓት ይስጡኝ» ብል ማንም አይቆጣኝም ነበር። ግን ሰማንያ ሰው ፊት «ችግር የለም» የሚሉት ሰውዬ እንዴት አድርጎ «አልቻልኩም» ይላል?

«ችግር የለም፣ መምሬ።»

ከካቡ ጀርባ ተንበረከክሁ። ሁለቱን ገመድ ላጥኳቸው፣ ስምንቱን ክር ቀለም ከቀለም እያገናኘሁ በጣቴ አጠማዘዝኳቸው፣ በናስትሮ ጠቀለልኳቸው። ከዚያ ቅጥያዋን በጠፍጣፋ ድንጋይ ሸፈንኩ። ለምን እንደሸፈንኩ ራሴን ስጠይቅ ኖሬአለሁ። አንዳች ጥፋት መሆኑን ባላውቅ ኖሮ ለምን እደብቃለሁ?

ጉዱ ደግሞ መሥራቷ ነው! መጋዘኑ ውስጥ ያለው ቲቪ ቦግ አለ፣ ሥዕሉም ጥርት አለ። «አላልኩም?» ብዬ እጄን አራገፍኩ። ወልዲያ ያለውን ወዳጄን በልቤ ሳቅሁበት።

አበራ አንድ ነገር ጨመረ። «ባለሙያው ከእኛ ጋር ይቀመጥ። እዚያ ሆኖ የሆነ ነገር እንዳይሸርብ።» ስለዚህ ኮምፒውተሬን ሰንበቴ ቤት ለመምሬ ትቼ ረጅሟን ቁልፍ አሳየኋቸው። «አንዴ ይጫኑዋት፣ ይጀምራል» አልኳቸው። እኔ ከሟች ወገኖች ጋር መጋዘኑ ውስጥ ተቀመጥኩ።

እማማ ብርቄ ከፊት፣ ከቲቪው ሁለት ክንድ በማይሞላ ርቀት፣ የተገለበጠ ሣጥን ላይ ተቀምጠዋል። ጥቁር ለብሰዋል። ጣታቸው ከልማድ ብዛት ይመስለኛል፣ እንዝርት የያዘ ይመስል ባዶውን ይሾራል። ከኋላቸው አበራ ቆሟል፣ ከእሱ ኋላ ዘመድ አዝማዱ እስከ በሩ ድረስ። ከእኛ ጋር አንድ ሽማግሌ አሉ።

ፊልሙ ጀመረ። ድምፅ የለውም። መንገዱ፣ የሆቴሉ አጥር፣ ጭድ የጫኑ አህዮች ከወዲያ ሲመጡ። ከዚያ በግራ በኩል አንድ ወጣት ገባ፣ ጋቢ የለበሰ።

«እሱ ነው!» አሉ እማማ ብርቄ። «ደስዬ! አረማመዱን እዩት!»

ከኋላ ሰዎች አነቡ። ወጣቱ ቆመና ጋቢውን ከግራ ትከሻው ወደ ቀኝ አዛወረ። አህዮቹ ቀረቡት። ከላይ በኩል የመኪናው አፍንጫ ብቅ አለ።

ሥዕሉ ተንቀጠቀጠ። አረንጓዴ መስመር ሰነጠቀው። ጠፋ።

ጥቁሩ መስኮት ላይ «ሲግናል የለም» የሚለው ጽሑፍ እየተንሳፈፈ ከጥግ ወደ ጥግ ሄደ።  ወዲያው ከማዶ፣ ከሰንበቴው ቤት፣ የብዙ ሰው ድምፅ አንድ ላይ ተሰማ።

«እሰይ! እሰይ! ተመስገን!»

ምን ሆነው እንደጮኹ ኋላ ገባኝ። ልጁ ለአህዮቹ መንገድ ሊለቅ ወደኋላ ሲረግጥና መኪናው ሥር ሲገባ አይተዋል። ልጃቸው አውቆ እንዳልገደለ ሦስት ወር ሙሉ ምለው ማንም ያላመናቸው ሰዎች ናቸው፣ ዛሬ በዓይናቸው አዩት፣ ተነፈሱ። እኛ ግን ያየነው ጥቁር መስኮት ነው። የሰማነው የእነሱን እልልታ ነው።

«ደስ አላቸው!» አለ አበራ። ድምፁ ተሰነጣጠቀ። «ሰማችሁ? ወንድሜ ሲሞት አይተው እሰይ አሉ! እኛን አጨልመውብን እነሱ ይስቃሉ!»

ጉድ ፈላ። ሰው ሁሉ በአንዴ ተነሳ። ሽማግሌው እጃቸውን ዘርግተው በሩ ላይ ቆሙና ወደ እኔ ዞሩ። «ልጄ፣ መብራቱ ነው አይደል? ጄኔሬተሩ ነው በላቸው እባክህ!»

ማምለጫ ሰጡኝ። አፌን ከፈትኩ። «ችግር የ...» ብዬ ጀመርኩና አቋረጥኩት። ጄኔሬተሩ ሲያጓራ እዚህ ድረስ ይሰማል። ቲቪውም በርቷል፣ ጽሑፉ ይሄዳል ይመጣል። ማን ያምነኛል?

አበራ አንገቴን ያዘኝ። «ስንት ሰጡህ?»

«ማንም...»

«ስንት ሰጡህ አልኩህ! ልክ መኪናው ሲመጣ አጠፋኸው!» ወረወረኝና ሽማግሌውን ገፍቶ ወጣ። ወዴት እንደሚሄድ ሁላችንም አውቀናል፤ ወይራዋ ሥር ነው። ወገኖቹ ተከተሉት።

እንዴት እንደተነሳሁ አላስታውስም።  እውነቱን ልንገራችሁ፣ መጀመሪያ የታየኝ ቁልቁል ወደ ከተማ የሚወስደው መንገድ ነበር። አምልጬ ብሮጥ ማንም አያስተውለኝም ነበር። ግን የሰንበቴው ቤት አንድ በር ብቻ ነው ያለው። ውስጡ ሴቶች አሉ፣ ሽማግሌዎች አሉ፣ መምሬ አሉ። ጠመንጃ ይዞ በሩ ላይ የቆመ ሰው ሁሉንም ይጨርሳቸዋል። ይኼ ሁሉ ደግሞ በእኔ ጣት ሊሆን ነው።

በካቡ ላይ ዘልዬ ቀደምኩት። ድንጋዩን አንስቼ ወረወርኩት፣ ቅጥያዋን ይዤ ፊቱ ቆምኩ።

«አበራ! እኔ ነኝ! ጥፋቱ የእኔ ነው!»

«ዞር በል።»

«ገመዱ አጠረኝ። መምሬ ይደርሳል ወይ ሲሉኝ ይደርሳል ብዬ ዋሸሁ። በጣቴ ቀጠልኩት፣ በድንጋይ ደበቅሁት። ይኸው እየው! እነሱ አያውቁም። ማንም አልነገረኝም፣ ማንም ምንም አልሰጠኝም። ማፈሬ ነው፣ ሰው ፊት አልቻልኩም ማለት አፍሬ ነው!»

ናስትሮውን በጥርሴ ቀደድኩት። ክሮቹ ተፍታተው በመዳፌ ላይ ወደቁ። ሰው ሁሉ ወደ መጋዘኑ ሲያልፍ ገመዱን ሲረግጥ፣ አንዱ ሲጎትት ቅጥያዋ ተላቅቃለች። አበራ ክሮቹን አየ፣ እኔን አየ። ማመኑንም አለማመኑንም አላወቅሁም። ዓይኑ ደም መስሏል። ሊመታኝ እጁን ሲያነሳ እናቱ ደረሱ።

እማማ ብርቄ በሁለት ሰው መሐል ሰንጥቀው አለፉና ገመዷን ከእጄ ወሰዱ። ከዓይናቸው አስጠግተው አገላበጧት።

«ይህችን ነው በጣትህ ያገናኘሃት?»

«አዎ እማማ።»

«እኔ ፈትል ሲበጠስብኝ እንኳ እንዲህ አልቀጥልም» አሉ። «ምራቄን ነክቼ፣ አክርሬ፣ ስቤ አይቼ ነው።»

እንዲህ ያለ እፍረት አፍሬ አላውቅም። ቢመቱኝ ይሻለኝ ነበር። መሬቱን እያየሁ ቆምኩ።

«እዚያኛው ቤት ያለው ይታያል?» አሉ።

«ይታያል እማማ። ሦስት ሜትር ነው፣ ቅጥያ የለውም።»

«እንግዲያ ውሰደኝ።»

«እማዬ!» አበራ ክንዳቸውን ያዘ። «ከገዳዩ ጋር አንድ ጣሪያ ሥር? ደሙ ሳይደርቅ?»

«ልጄ ጋ ነው የምሄደው» አሉት። «እናቱ እኔ ነኝ። እኔ ያየሁትን ታምናለህ፣ አታምንም?»

 የአበራ እጅ ቀስ ብሎ ለቀቃቸው። «እዚህ እቆማለሁ» አለ፣ ወይራዋ ሥር ሄዶ። ጠመንጃውን አላነሳም፣ ግን ከአጠገቡም አልራቀም።

ያቺን ሰባ እርምጃ እንዴት እንደሄድናት ዛሬም በሕልሜ አያታለሁ። እማማ ብርቄ እጄን ይዘዋል። መዳፋቸው ሻካራ ነው፣ የእኔ በላብ ርሷል። የሰንበቴውን ቤት በር ስንከፍት ውስጥ ያለው ሰው ሁሉ ብድግ አለ። የፍቅሬ አባት ግድግዳው ላይ ተለጠፉ። መምሬ ምን እንደሆነ ሊጠይቁ አፋቸውን ከፍተው፣ የእማማን ፊት ሲያዩ ወደ ጎን ቆሙላቸው። ፍቅሬ ከጥግ በኩል ጋቢውን እስከ ግንባሩ ተከናንቦ ቁጢጥ ብሏል።

ወንበር ለቀቁላቸው። ተቀመጡ። ፊልሙን ወደ መጀመሪያው መለስኩና ጀመርኩ።

መንገዱ። አህዮቹ። ደሳለኝ። ጋቢውን አዛወረ። ወደኋላ ረገጠ። መኪናዋ።

እማማ አልጮኹም። ፊልሙ ቀጠለ፤ መኪናዋ ቆመች፣ ሹፌሩ በሩን እንኳ ሳይዘጋ ዘለለ፣ ልጁን አነሳው፣ አቅፎት ወደ አጥሩ ሮጠ፣ ወደ መንገዱ ተመለሰ፣ የሚረዳው ሰው ፍለጋ ዞረ። አቅፎት ነበር። ሦስት ወር ሙሉ «ገጭቶ ጥሎት ሸሸ» ሲባል የነበረው ሰው።

«ድገመው» አሉ።

ደገምኩት።

«ድገመው። መኪናዋ ስትመጣ ግን አቁምልኝ።»

አቆምኩት። ደሳለኝ ጋቢውን ትከሻው ላይ አድርጎ ቆሟል። አህያዋ ልታልፍ ነው። እማማ ብርቄ ተነሱና ጣታቸውን መስተዋቱ ላይ፣ ልጁ ፊት ላይ አደረጉ።

«ይህችን ጋቢ የፈተልኳት እኔ ነኝ» አሉ ለማንም ሳይሆን። ከዚያ ፊታቸውን ሳያዞሩ፣ «አንተ ጥግ ያለኸው። ስታቅፈው በሕይወት ነበር?»

ፍቅሬ ጋቢውን ከፊቱ ገለጠ። «ነበር፣ እማማ።»

«ምን አለህ?»

 «'ውሃ' አለኝ» አለ። «ውሃ አልያዝኩም ነበር፣ እማማ። መኪናው ውስጥ ጠብታ አልነበረኝም።»

ያኔ ነው እማማ ብርቄ ያለቀሱት። ቁጭ ብለው፣ በሁለት እጃቸው ፊታቸውን ይዘው። የፍቅሬ እናትም ከሴቶቹ መሐል አብረው አለቀሱ። ማንም ማንንም አላባበለም።

ሲወጡ አበራ እዚያው ቆሞ ነበር። እናቱ «ሲነዳ አላየውም፣ ልጄ» አሉት። «አላየውም። አቅፎታልም።» አበራ ፊቱን አዞረ፣ ትከሻው ተንቀጠቀጠ። ጠመንጃውን አነሳ። አንግቶት ቁልቁል ወደ ቤቱ ሄደ።

እርቁ የወረደው ብዙ ወራት ተለምኖ ነው። ነገሩ ሁሉ በአንድ ቀን ተስተካከለ ብል ዋሾ እሆናለሁ። አበራ ጠጉሩን ተላጭቷል፣ ሱቄ ግን እስከ ዛሬ እግሩን አላስገባም። መንገድ ላይ ስንገናኝ አንገቱን ይነቀንቅልኛል፣ ያልፋል። እውነቱን ነው። ለእነዚያ ጥቂት ደቂቃዎች በወንድሙ ሞት የሳቁበት መስሎታል፣ ያንን ያደረግሁበት እኔ ነኝ።

እናንተ የምታነቡኝ፣ «ለአንዲት ገመድ ይኼን ያህል?» ትሉ ይሆናል። እኔም እል ነበር። ዛሬ ሰው ሱቄ መጥቶ «ይኼ ከዚያ ጋር ይሠራል?» ሲለኝ ከየት ወደ የት እንደሚሄድ እጠይቀዋለሁ፣ ስንት ሜትር እንደሆነ እጠይቀዋለሁ፣ ቆይ ልሞክረው እለዋለሁ። ካላወቅሁ አላውቅም እላለሁ። ቃሉ መጀመሪያ እንደ እሾህ እየወጋኝ ነበር የወጣው። አሁን ለምጄዋለሁ። አዲሱ ስሜም «ቆይ ልሞክረው» ሆኗል፣ ይሳቁብኛል፣ ይሳቁ። እናንተም አንድ ቀን፣ ከኋላችሁ ሰው ቆሞ፣ አንድ ደግ ሽማግሌ «ካልደረሰ ንገረኝ» ቢሏችሁ፣ እባካችሁ ንገሯቸው። ሁለት ሰዓት ነው የሚፈጀው።

እማማ ብርቄ ቅዳሜ ቅዳሜ ለገበያ ሲወርዱ ሱቄ ጎራ ይላሉ። ፊልሟን ቆርጬ አስቀምጬላቸዋለሁ፤ አሥራ አንድ ሰከንድ ናት፣ መኪናዋ ሳትመጣ ታልቃለች። ከትልቁ ቲቪ ፊት ወንበር አወጣላቸዋለሁ። አጭሯን ገመድ፣ ቅጥያ የሌላትን፣ ጫፎቿን አንድ በአንድ አይቼ እሰካለሁ።

ደሳለኝ ይገባል፣ ይቆማል፣ ጋቢውን ከግራ ወደ ቀኝ ያዛውራል።

«አየኸው?» ይሉኛል ሁልጊዜ፣ ገና ዛሬ እንዳዩት ሆነው። «ጋቢውን አዛወረ።»

«አየሁት፣ እማማ» እላቸዋለሁ። «ልድገመው?»